ሁለት ቀጫጭን ባትሪ

ሉባባ ገዛችው ከአርብ ገበያ፣
ፕሮጀክተር አሮጌ፣ የአቧራ ማደሪያ።
«ሰባት ዲናር» ብሎ ሻጩ ሲከራከር፣
ሥራው ሳይታይ፣ መብራቱም ሳይሞከር፣
አምስት ተኩል ሰጥታ፣ በሻሽ ጠቅልላ
መጣች ፈርዋንያ፣ ካውቶቡስ በር ተንጠልጥላ።

ክፍላችን ጠባብ ናት፤ ሦስት ፍራሽ፣ አንድ መስኮት፣
በወር ተዋጥተን የያዝናት፣ ላርብ ብቻ፣ ለዕረፍት።
የትርንጎን አንሶላ ከገመድ አውርደን፣
በአራት ሚስማር ግድግዳው ላይ ወጥረን፣
ማሽኑን በሩዝ ጣሳ ላይ አስቀመጥነው፤
አንገቱን ቢደፋብን አንድ ሰሃን አከልነው።

ፍላሹን ሰክተን ጎኑን ነካን። በራ።
ሙሽራው በራሱ ቆሞ፣ ሰርገኛው እግሩ ወደ ጣራ፣
ብርዙ ከብርጭቆ ወደ ሰማይ ሲቀዳ፣
ድንኳኑ ወለል ሆኖ፣ ሰማዩ ከሥር ሜዳ!
ትርንጎ ሳቀች። ሳቋ ሳያባራ፣
«ይሄ» አለች፣ «የቢሮ ነው፤ ከርሟል በትልቅ ሥራ።
ከጣሪያ ላይ ተሰቅሎ፣ ተዘቅዝቆ ከርሞ፣
መውረዱን ገና አላወቀም፤ ያያል እንደ ቀድሞ።»

የሚገለብጠው ሪሞት ነው። ሪሞቱ ደግሞ ባዶ፣
ባትሪው ዝጎ ወጣ፣ እንደ ጨው ተንዶ።
ማን ይውጣ ለባትሪ? ነሐሴ፣ ያውም ኩዌት፣
አርባ ስምንት ዲግሪ፣ ሶል ካስፋልት ሲጣበቅበት።
የኤሲው ሪሞት አለ። ቅዝቃዜውን ለሁለት ሰዓት ሞልቼ፣
ሁለት ቀጫጭን ባትሪ ከሆዱ ወሰድኩ፣ በጥፍሬ ከፍቼ።

ሜኑው ዓረብኛ ነው። ከኛ ጦይባ ናት የምታነብ፤
የማዳሟ ልጅ ሲያጠና፣ ሸሚዝ እየተኮሰች ስትሰበስብ
ፊደል የለቀመች።
አሁን አንገቷን ዘቅዝቃ፣ የተገለበጠውን እያየች፣
«ታች፣ ታች፣ ቀኝ፣ እሺ በይው።» እጫናለሁ፤ ይሰማል።
በዚህ ቋንቋ ሰባት ዓመት ታዝዤ፣ ሌላ ሲታዘዝልኝ እንዴት ይጥማል!

ዞረ። ሰው በእግሩ ቆመ። ግን ግራ ጎኑ ሰፍቶ፣
ቀኙ እንደ ሽብልቅ ሾሎ፣ ሚዜዋን አሳብጦ፣ ሙሽራዋን አክስቶ።
አራት ማዕዘን እስኪሆን፣ ስጫን ስለቅ፣
ብርዙም ጭፈራውም ሳናየው ሊያልቅ።

የጦይባ ወንድም ሰርግ ነው፤ ከሚሴ፣ ባለፈው ጥር።
እኛ «ማን ምን ለበሰ» እያልን ጫጫታ ስንፈጥር፣
አንድ ሽማግሌ አለፉ፤ ወንበር ተሸክመው፣ ሽርጥ ለብሰው፣
ካሜራው እንዳያቸው ሳያውቁ፣ ጎንበስ ብለው።
ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

«መልሺው» አለች ጦይባ።

በሰኔ ነው የተቀበሩት። በስልክ ነው የተነገራት፣
ሰሃን እያጠበች፤ ያን ቀን ማዳሟ እንግዳ ነበራት።

መለስኩት፤ ወንበሩን እንደያዙ በኋሊት ሄዱ።
ለቀቅኩት፤ መጡ። መለስኩት። አልታከቱ፣ አልተናደዱ።
ስንት ጊዜ? አልቆጠርንም። ከዚያ «አቁሚው» አለች። አቆምኩ።
አንድ እግራቸው አየር ላይ ቀረ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

ኤሲው ሰዓቱ ሞልቶ ያኔ ነው ጸጥ ያለ።
ሪሞቱ ፍራሽ ላይ፣ ሆዱ ክፍት፣ እንደተንጋለለ።
ባትሪውን አምጪ ያለ የለም። ላብ ከጉንጭ፣ ላብ ካንገት፣
እዚያ ሽማግሌ እግር ሥር ተቀመጥን በሙቀት።
ጦይባ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።
ላብ ነው ብለን አለፍነው።

ማሽኑ ነው ያልቻለ። አጓራ፣ ቀይ ዓይኑን አፈጠጠ፤
አንሶላው ባዶውን ቀረ፣ በሚስማር እንደተለጠጠ።

ባትሪዎቹን ለኤሲው መለስኩ። «ጢጥ» አለ፤ ነፈሰ።
ሾፌሩ ታች ጡሩምባውን ነፋ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ደረሰ።
ትርንጎ አንሶላዋን ልታወርድ ሚስማሩን ስትነካ፣
ጦይባ እጇን ያዘቻት፦
«ተይው፣ ማሽኑ ይብረድለት።
አባዬ ገና ወንበሩን አላስቀመጠም።»